ጽዋ የሌለበት ማኅበር

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» ይላል ያገራችን ሰው። ይህንኑ ተረት ለጎረቤቱ የሚመክር ሰው ግን፣ ነገሩ ወደ ራሱ ደጅ የመጣ ዕለት፣ «ገመናዬን አደባባይ አላወጣም» ብሎ በሩን ይዘጋል። ተረቱም እውነት ነው፤ ገመናን መጠበቅም ወግ ነው። በሁለቱ መካከል ተጨንቆ የሚኖረው ሰው ብዙ ነው፤ በተለይ ጭንቀቱ ከጠርሙስ ጋር የተያያዘ እንደ ሆነ። ይህ ጽሑፍ በዚያ መካከል ስለ ኖረና በካምፓላ ከተማ አንዲት በር ፈልጎ ስላገኘ ሰው ነው። ስሙ አይነሳም፤ የገባበት ቤት ሥርዓት ስምን አለማንሳት ነውና።

ሰውየው ካምፓላ ከገባ ብዙ ዓመታት አልፈዋል። ዕድሜው ከአርባ የዘለቀ፣ ዩኒቨርሲቲ የተማረ፣ በአማርኛና በእንግሊዝኛ መካከል ቃል በማመላለስ እንጀራውን የሚበላ አስተርጓሚ ነው። የአስተርጓሚ ሥራ አንድ የማይታጠፍ ሕግ አለው፦ ባለጉዳዩ «እኔ» ሲል አስተርጓሚውም «እኔ» ይላል እንጂ «እሱ እንዲህ ይላል» አይልም። ስለዚህ ሰውየው ቀኑን ሙሉ «እኔ ታስሬ ነበር»፣ «እኔ ወንድሜን ቀብሬ ነው የመጣሁት» ሲል ይውላል። የታሰረው ሌላ፣ የቀበረው ሌላ ነው። ማታ ስለ ራሱ የሚናገርበት «እኔ» ግን አይተርፈውም ነበር።

ካምፓላ ለኢትዮጵያዊ ፈጽማ ባዳ አይደለችም። ወደ ቪክቶሪያ ሐይቅ በሚወርደው የጋባ መንገድ ግራና ቀኝ፣ ካባላጋላና ካንሳንጋ በሚባሉት ሰፈሮች፣ እንጀራ የሚጋገርባቸው፣ ቡና የሚፈላባቸው፣ የሐበሻ ዘፈን የሚሰማባቸው ቤቶች አሉ። ሰውየውም ከሥራ ሲወጣ እግሩ የሚመራው ወደዚያው ነበር። መጀመሪያ የሚፈልገው መጠጡን ሳይሆን ቋንቋውን ነው፤ ቀን ሲመነዝረው የዋለውን አማርኛ ማታ ሳይመነዝር ሊናገረው። መጠጡ ከጨዋታው ጋር ይመጣ ነበር። ያገራችን የመጠጥ ግብዣ ደግሞ መሐላ አለበት። «ይበቃኛል» ያለ ሰው «በሞቴ፣ አንዲት ብቻ!» ይባላል። በወዳጅ ሞት ተለምኖ እንቢ ማለት ነውር ስለ ሆነ ብርጭቆው ዳግመኛ ይሞላል። በሰው ሞት እየተለመነ የራሱን ሞት የሚጠጣ ስንት እንደ ሆነ የሚያስተውል ግን ጥቂት ነው።

ከቢራው ወደ ዋራጊ ለመሻገር ብዙ አልቆየም። ዋራጊ የኡጋንዳ ስመ ጥር አረቄ ነው። ስሙ «ዎር ጂን»፣ ማለትም «የጦርነት ጂን»፣ ከሚለው የእንግሊዞች አጠራር እንደ መጣ ይነገራል። ቀድሞ በየመንደሩ ከሙዝ ጠላ እየተጣራ የሚወጣው «እንጉሊ» የተባለው አረቄ እ.ኤ.አ. በ1965 በወጣ ሕግ በፈቃድ እንዲሠራ ተደረገ፤ የፋብሪካው ዋራጊም በዚያው ዘመን ተወለደ። ቆየት ብሎም መዳፍ በማታህል የፕላስቲክ ከረጢት እየታሸገ በርካሽ ይቸረቸር ጀመር። ለኪስ የሚመች፣ ለመደበቅም የሚመች ነበር። የኡጋንዳ መንግሥት ይህን እሽግ እ.ኤ.አ. በ2019 ከለከለ። በተከታዩ ዓመት፣ በማርች 2020፣ በኮሮና ወረርሽኝ የተነሳ መጠጥ ቤቶች ሁሉ ተዘጉ፤ በራቸው ዳግመኛ የተከፈተው በጃንዋሪ 2022 ነው። ሰውየው እስከዚያ ድረስ «እኔ የምጠጣው ለጨዋታው ነው» ይል ነበር። ጨዋታው ቀረ፤ ጠርሙሱ ግን እስከ ቤቱ ተከተለው። ብቻውን ጠጣ። ጥቂት ቆይቶም፣ ብቻውን መጠጣቱን ይበልጥ እንደሚወደው አወቀ። ቤቶቹ ሲከፈቱ ከወዳጆቹ ጋር ይቀመጥ የነበረው ለወግ ያህል ነው፤ ዋነኛው ጠርሙስ የሚጠብቀው አልጋው ሥር ነበር።

ነገሩን የገለጠው አንድ የሥራ ቀን ነው። አንዲት ወጣት እናት ጉዳይዋን ለማስረዳት ከአንድ ቢሮ ቀርባ ነበር። ሰውየው ሲጠጣ አድሮ፣ የአፉን ሽታ በማስቲካ ሸፍኖ፣ የሚንቀጠቀጡ እጆቹን ከጠረጴዛው በታች አጣምሮ ተቀምጧል። ሴቲቱ «ሦስት ልጆች አሉኝ» አለች። እሱም በእንግሊዝኛ «ሁለት ልጆች አሉኝ» አለ። እንግሊዝኛ ባትችልም ቁጥሩን ታውቅ ኖሮ፣ ወደ እሱ ዘወር ብላ፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «ሦስት ናቸው ጋሼ፤ ሁለት አላልኩም» አለችው። ወዲያው አረመ። ጸሐፊውም ሰርዞ ጻፈ። የተቆጣም፣ የታዘበም አልነበረም። ሰውየው ግን ወደ ቤቱ ሲመለስ አንድ ነገር ብቻ ያሰላስል ነበር፦ ሴቲቱ ቁጥር ባታውቅ ኖሮ አንድ ልጅ ከወረቀቱ ላይ ጠፍቶ ሊቀር ነው። ያንን ልጅ የሚያጠፋው ጠላት ወይም ክፉ ሹም አልነበረም፤ የወገኑ አስተርጓሚ ነበር።

መጀመሪያ ያደረገው ያገሩ ሰው የሚያደርገውን ነው። ተሳለ። «ሁለተኛ ብቀምስ» ብሎም ማለ። መሐላው ዐሥራ አንድ ቀን ቆየ። በዐሥራ ሁለተኛው ቀን ሲፈርስ፣ ከመጠጡ ይልቅ የመሐላው መፍረስ ስላሳፈረው፣ እፍረቱን ለመርሳት እንደ ገና ጠጣ። ለወዳጆቹ እንዳይነግር ወዳጆቹ የሚገኙት እዚያው መጠጥ ቤት ነው። ለማኅበረ ምእመናኑ እንዳይነግር የካምፓላ ሐበሻ እርስ በርሱ ይተዋወቃል፤ ዛሬ ካንሳንጋ ላይ በሹክሹክታ የተነገረ ነገ አዲስ አበባ ከእናቱ ጆሮ ይደርሳል። ከከተማው ምሥራቅ የሚገኘው የቡታቢካ ብሔራዊ የአእምሮ ሕክምና ሆስፒታል ለአልኮልና ለዕፅ ሱሰኞች የተለየ ክፍል አለው። ነገር ግን «ቡታቢካ» ለካምፓላ ሰው፣ «አማኑኤል» ለአዲስ አበባ ሰው እንደ ሆነው ሁሉ፣ የሆስፒታል ስም ከመሆኑ ይልቅ የእብደት ስም ነው። እዚያ በር ላይ መታየቱን ፈራ።

መንገዱን ያገኘው ከአንድ ክሊኒክ ግድግዳ ላይ ነው። ለሥራ በሚመላለስበት በዚያ ቤት፣ ከክትባት ማስታወቂያዎች መካከል፣ መጠጥ ማቆም ለሚፈልግ ሰው የስብሰባ ቀንና የስልክ ቁጥር የሚነግር ትንሽ ወረቀት ተለጥፎ ነበር። ለወራት በአጠገቡ አልፏል። ለሌላ ሰው ቢሆን ቆሞ ይተረጉምለት ነበር፤ ለራሱ ግን አላነበበውም። ከዚያ የሥራ ቀን በኋላ ባለፈበት ጊዜ ቁጥሩን በሲጋራ ፓኮ ጀርባ ላይ ጻፈው።

ሁለት ጊዜ ደውሎ ዘጋ። በሦስተኛው አንድ የሸመገለ ድምፅ አነሳው። ሰውየው «ለአንድ ወዳጄ ነው የምጠይቀው» አለ። ሽማግሌው በትዕግሥት ሳቁ። «ሴቦ» አሉት፣ በሉጋንዳ አክብሮት፤ «ሁላችንም መጀመሪያ የደወልነው ለወዳጃችን ነበር።» ከዚያም ስለ «ወዳጁ» ጠየቁ፦ በቀን ስንት ይጠጣል? ጧት እጁ ይንቀጠቀጣል? መልሱን ሰምተው አንድ ነገር አጥብቀው ነገሩት። ለብዙ ጊዜ በብዛት የጠጣ ሰው በአንድ ቀን ቀጥ ቢያደርግ ሰውነቱ ሊያንዘፈዝፈው፣ እንደሚጥል በሽታ ሊጥለው፣ የሌለ ነገር ሊያሳየው፣ አልፎም ሊገድለው ይችላል፤ ስለዚህ አስቀድሞ ሐኪም ይየው። ስብሰባው ሐኪምን አይተካም። ሰውየው ሐኪም ዘንድ ሄደ። ለመጀመሪያ ጊዜም የሚጠጣውን መጠን ሳይቀንስ ተናገረ።

ስልክ ደውሎ ሰው መፈለግ የዚህ ማኅበር መነሻው ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። እ.ኤ.አ. በሜይ ወር 1935 ቢል ዊልሰን የተባለ የኒውዮርክ የአክሲዮን ደላላ ለሥራ ወደ ኦሃዮ ግዛት፣ ወደ አክረን ከተማ ሄደ። ሥራው ከሸፈበት። መጠጥ ካቆመ ገና ጥቂት ወራት ነበሩ። በሜይፍላወር ሆቴል እልፍኝ ብቻውን ቆሞ ሳለ፣ በአንድ በኩል የመጠጥ ቤቱ ሳቅና ጫጫታ፣ በሌላ በኩል የአብያተ ክርስቲያናት የስልክ ዝርዝር ነበረለት። ስልኩን መረጠ። የፈለገው የሚመክረው ሰው አልነበረም፤ እንደ እሱ በመጠጥ የተያዘ፣ የሚያነጋግረው ሰው እንዲያገናኙት ነበር የለመነው። ከስልክ ወደ ስልክ ሲተላለፍ ቆይቶ ሮበርት ስሚዝ ከተባለ የቀዶ ጥገና ሐኪም ጋር ተገናኘ። ሐኪሙ «ከሩብ ሰዓት በላይ አልቀመጥም» ብሎ የመጣ ሰው ነበር፤ ንግግሩ ግን ለሰዓታት ቀጠለ። ስሚዝ ለመጨረሻ ጊዜ የጠጣበት ቀን፣ ጁን 10 ቀን 1935፣ የማኅበሩ ልደት ሆኖ ይታሰባል። በ1939 ማኅበሩ በስሙ የሚጠራውንና ዐሥራ ሁለቱን እርምጃዎች የያዘውን መጽሐፍ አሳተመ። ዛሬ ስብሰባዎቹ ከ170 በሚበልጡ አገሮች ይካሄዳሉ። ካምፓላ ከነዚህ አንዷ ናት።

ስሙ «አልኮሆሊክስ አኖኒመስ» ነው። «አኖኒመስ» የሚለውን ሰውየው በልቡ ሲተረጉም «ስም የለሽ» ሊለው ከጀለና ተወው። ስም የለሽ ማለት የማይታወቅ ማለት ነው። እዚያ ግን ሰው በደንብ ይታወቃል፤ ስሙ ከበር አይወጣም እንጂ። ያገራችን ቃል «ገመና» ነው የሚስማማው። ገመና የሚጠበቀው አንድም ለማንም ባለመናገር ነው፣ አንድም ገመናውን ከሚጠብቁ ሰዎች ጋር በመካፈል።

የስብሰባው ዕለት በቦዳ ቦዳ ሄደ። ሞተረኛውን ከአንድ መንገድ በፊት አቁሞ ወረደ። ቦታው በአንድ ቤተ ክርስቲያን ግቢ ውስጥ ነበር። በሩን ሁለት ጊዜ አለፈው። በካምፓላ ዘበኛ «አስካሪ» ይባላል። በአማርኛ ይህ ቃል የሚያሰክር ማለት መሆኑን ብዙ ጊዜ አስቦ ስቆበት ያውቃል፤ ያን ቀን ግን አልሳቀም። በሦስተኛው ጊዜ አስካሪው ምንም ሳይጠይቀው በእጁ ወደ ጓሮው አመለከተው። እንደ እሱ በሩን ሁለት ጊዜ የሚያልፉ ሰዎችን አይቶ የለመደ ይመስላል።

ጓሮው ውስጥ አንድ ክፍል፣ ክብ የተደረደሩ የፕላስቲክ ወንበሮች፣ በቴርሞስ የወተት ሻይ። መዝገብ የለም፤ ክፍያ የለም። ወጪውን ለመሸፈን መጨረሻ ላይ ትንሽ ቅርጫት ይዞራል፤ የሌለው አይሰጥም። ለመግባት የሚጠየቀው መጠጥ ለማቆም መፈለግ ብቻ ነው። አንዱ ሲናገር ሌላው አያቋርጥም፤ «እንዲህ አድርግ» የሚልም የለም። የተናገሩት ምን እንደ ነበር እዚህ አይጻፍም፤ እዚያ የተሰማ እዚያ ይቀራል።

ሰውየው ወንበሮቹን ሲያይ ሁለት ነገር ትዝ አለው። አንደኛው ማልዋ ነው። ማልዋ ከዳጉሳ የሚጠመቅ የኡጋንዳ መጠጥ ሲሆን፣ ጠጪዎቹ በአንድ ማሰሮ ዙሪያ ክብ ሠርተው፣ ከዚያው ማሰሮ በረጃጅም መምጠጫ እየሳቡ ይጫወታሉ። ሁለተኛው የእናቱ የጽዋ ማኅበር ነው። በየወሩ በቅዱሱ ስም፣ ከቤት ወደ ቤት በተራ፣ ጠላና ዳቦ ተሰናድቶ፣ የታመመ ተጠይቆ፣ የተጣላ ታርቆ ይለያያሉ። በሁለቱም ሰው የሚሰበሰበው በማሰሮ ወይም በጽዋ ዙሪያ ነው። እዚህ ክቡ አለ፤ ተራው አለ፤ የታመመን መጠየቁም አለ። መካከሉ ግን ባዶ ነው። ሰውየው ያን ጊዜ አንድ ነገር ገባው። መጠጥን የተማረው ከሰው ጋር ነው፤ ሊተወው የሞከረው ግን ብቻውን፣ በመሐላ፣ በሩን ዘግቶ ነበር። ከሰው ጋር የገባበትን ብቻውን ሊወጣው መሞከሩ ነበር ያደከመው።

ተራው ሲደርስ በእንግሊዝኛ ስሙን ተናግሮ «አልኮሆሊክ ነኝ» አለ። ሁሉም ስሙን ጠርተው ሰላምታ ሰጡት። እንደዚያ መቅለሉ አስገረመው። በኋላ ሲያስበው ግን የቀለለበትን ምክንያት አወቀው፤ እያስተረጎመ ነበር። ያ «እኔ» ዕለት ዕለት በሥራ ላይ እንደሚለው «እኔ» የሌላ ሰው ነበር። የእንግሊዝኛው ቃል እንደ ሐኪም ቃል ነው፤ በሽታን ይጠራል። «ሰካራም» ግን የሰፈር ቃል ነው። ልጆች እየተከተሉ የሚጮኹት፣ ሚስት በምሬት የምትወረውረው፣ ለቀብር እንኳ ተከትሎ የሚሄድ ስም ነው። ከዚያ ቃል ጋር በአማርኛ መጋጠሙን ለወራት ሸሸው።

ወራቱ ሁሉ ቀና አልነበሩም። በአራተኛው ወር ወደቀ። አንድ ሳምንት ጠጥቶ ሲመለስ ወንበሩ እዚያው ነበር፤ «የት ጠፋህ?» እንጂ «ምነው ዋሸኸን?» ያለው አልነበረም። ስልኩን ያነሱት ሽማግሌ ደጋፊው ሆኑ፤ ቀድሞ ያለፈበት ሰው ኋላ የመጣውን በእርምጃዎቹ የሚመራበት ልማድ ነው። የመጠጣት ፍላጎት ሲመጣ ጠርሙስ ከማንሳት በፊት ስልክ ያነሳል። «ከእንግዲህ እስከ ዕለተ ሞቴ» ብሎ መማል ቀረ፤ በምትኩ «ዛሬን አልጠጣም» ማለት መጣ። ነገ የነገ ነው።

ይህ ነገር እምነት ብቻ እንዳይመስል ጥናትም አለው። እ.ኤ.አ. በ2020 የታተመ የኮክሬን ግምገማ 10,565 ሰዎች የተሳተፉባቸውን 27 ጥናቶች መርምሮ፣ ሰዎችን ወደ እነዚህ ስብሰባዎች በሥርዓት የሚመራ ሕክምና መጠጥን ጨርሶ በማስተው ረገድ ከታወቁ ሌሎች ሕክምናዎች የላቀ ውጤት እንዳለው አሳይቷል። ይህ ማለት ሁሉ ሰው ይድናል ማለት አይደለም፤ ሄደው የማይመለሱ አሉ፤ በሌላ መንገድ የሚድኑም አሉ።

እርምጃዎቹ ስለ እግዚአብሔር ያነሳሉ፤ እያንዳንዱ እንደ ተረዳው ብለው ነው የሚያነሱት። በክቡ ውስጥ ፕሮቴስታንትም፣ ካቶሊክም፣ እስላምም፣ ምንም የማያምንም ተቀምጦ ያውቃል። ሰውየው ሌላ ሃይማኖት እንዳይሆንበት ሰግቶ አዲስ አበባ ወደሚገኙት ንስሐ አባቱ ደወለ። አባ ነገሩን እስከ መጨረሻ ሰሙና፣ «ልጄ፣ ጠበሉንም አትተው፤ ወንበሩንም አትተው» አሉት። ጠበል ቦታም ቢሆን ሰው ብቻውን አይቆምም፤ ከሌላው በሽተኛ ጋር ተሰልፎ ነው የሚጠመቀው።

ከዓመት ከመንፈቅ በኋላ፣ አንድ ቅዳሜ፣ ሰውየው ወደ ግቢው ሲገባ አንድ ወጣት ከበሩ ማዶ ስልኩን እያየ ቆሞ አገኘ። ሐበሻ ከሐበሻ ዐይን አይሰወርም። ሁለት ጊዜ አልፎ ሁለት ጊዜ ተመለሰ። ሰውየው ጠጋ ብሎ «ሰላም ነው ወንድሜ?» አለው። ልጁ በአማርኛ ሲናገሩት ደነገጠ፤ የሸሸው ከዚያው ነበርና። «ጋሼ፣ እኔ እንኳ ለአንድ ጓደኛዬ ብዬ...» ብሎ ጀመረና ዝም አለ። ሰውየው አልሳቀም። «ለጓደኛህም ቢሆን ግባና ስማለት» አለው።

ልጁ እንግሊዝኛው ደካማ ነበር። ስለዚህ ሰውየው ክቡን አስፈቅዶ አጠገቡ ተቀመጠና በጆሮው ያስተረጉምለት ጀመር። በተራ ሲናገሩ እያንዳንዱ በስሙ ይጀምርና «አልኮሆሊክ ነኝ» ይላል። አስተርጓሚ ደግሞ «እኔ» እንጂ «እሱ» አይልም። «ሱሰኛ ነኝ» ሊል አሰበ፤ የቢሮ ቃል ሆነበት። ያለውን ቃል አለ፦ «ሰካራም ነኝ።» ሁለተኛው ተናገረ፤ «ሰካራም ነኝ» አለ። ሦስተኛው፣ አራተኛዋ፣ አምስተኛው። ዓመት ከመንፈቅ የሸሸውን ቃል በዚያ ማታ በሰው ስም እየደጋገመ ወደ አንድ ወንድሙ ጆሮ አፈሰሰው።

ከዚያ ተራው የእሱ ሆነ። የሚያስተረጉምለት ሰው አልነበረም። ስሙን ተናገረ። ከዚያም በአማርኛ፣ ድምፁን ሳይቀንስ፣ «ሰካራም ነኝ» አለ። ሌሎቹ ቃሉን ባያውቁትም ገብቷቸው ነበር፤ እንደ ወትሮው ስሙን ጠርተው ሰላምታ ሰጡት። ልጁ ቀና ብሎ አየው። የራሱን ተራ ግን በዝምታ አሳለፈ፤ ይህም የተፈቀደ ነው።

ስብሰባው ሲያበቃ ሰውየው ከቴርሞሱ ሻይ ቀድቶ ሰጠው። ልጁ ጠጥቶ ጨረሰና «ይበቃኛል» አለ። «በሞቴ» አለው ሰውየው፤ «አንዲት ብቻ።» ልጁ ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ አለ፤ ብርጭቆውንም አቀረበ። የሚቀጥለው ስብሰባ መቼ እንደ ሆነ የጠየቀው ሲወጡ፣ አስካሪው አጠገብ ደርሰው ነው። ያን ጊዜ ስለ ጓደኛው አላነሳም።